በረሃ፣ ምድረ በዳና ድርቅ፦ ስለ ዘጋቢ ፊልሞች አተረጓጐም፣ ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አነጋገር አንጻር

መግቢያ

ስለ በረሃና ስለ በረሃ ኑሮ የተሠሩ የውጭ አገር ዘጋቢ ፊልሞች በአማርኛ ትረካ ታጅበው ሲቀርቡ ተርጓሚውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የዋናው ቃል ነገር ነው። የእንግሊዝኛው «ዴዘርት» እና የፈረንሳይኛው «ዴዜር» በአማርኛ «በረሃ» ይባል ወይስ «ምድረ በዳ»? አብዛኛው ተርጓሚ ያለ ብዙ ማመንታት «በረሃ» ብሎ ያልፋል። እንዲህ በማድረጉም አንዳንድ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተመልካቹን አሳብ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይመራዋል።

በዚህ ጽሑፍ የቃላቱን ፍች ለመመርመር የመረጥነው አካባቢ ሰሜን ወሎ፣ በተለይም ወልዲያ፣ መርሳና የሀብሩ ወረዳ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ወልዲያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የዞን ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ደቡብ፣ ከደሴ በሚመጣው አውራ ጎዳና ላይ፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ አለች። ወረዳው በምዕራብ ከጉባ ላፍቶ፣ በምሥራቅ ከአፋር ክልል ይዋሰናል። በመሆኑም የአካባቢው ተናጋሪ ደጋውን ከበስተ ጀርባው፣ የአፋርን ረባዳ ከፊቱ አድርጎ የሚኖር ነው። ቆላን ከበረሃ፣ ደረቅ ወቅትን ከደረቅ አገር ለመለየት የቃል ችግር የለበትም። ከዚህም በላይ የዓለም ተመልካች ስለ ኢትዮጵያ በዓይነ ሕሊናው ከሚያስቀምጣቸው ሥዕሎች ውስጥ ብዙዎቹ የተቀረጹት በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ማለትም በዚሁ አካባቢና በጎረቤቶቹ ነው። ስለዚህ ቃላቱ እዚህ ቦታ ላይ ሲምታቱ የሚጎዳው የመዝገበ ቃላቱ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሕዝቡና ስለ መሬቱ የሚሰጠው ፍርድም ጭምር ነው።

«ዘጋቢ ፊልም» ስለሚለው ስያሜ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ፊልሙ ዓይነት ስያሜ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጆን ግሪርሰን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ሮበርት ፍላሄርቲ «ሞአና» በጻፈው ሂስ ላይ «ዶኩመንታሪ» የሚለውን ቃል ከተጠቀመበት ወዲህ ስያሜው በእንግሊዝኛ እየተለመደ ሄደ። ፈረንሳዮች ከዚያ ቀደም ብለው ቃሉን በመሰል ፍች ይጠቀሙበት ነበር። ሥረ ቃሉ የላቲኑ «ዶኬሬ» ሲሆን ማስተማር ማለት ነው።

አማርኛ ይህን ሐሳብ በሁለት መንገድ ተቀብሎታል። አንዱ ቃሉን እንዳለ «ዶኩመንታሪ» ብሎ መዋስ ነው። ሌላው «ዘጋቢ ፊልም» ነው። ሁለተኛው ስያሜ ከግዕዙ «ዘገበ» የመጣ ነው፤ ይኸውም ሰበሰበ፣ አከማቸ፣ በጎተራ አኖረ ማለት ነው። «መዝገብ» የሚለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን ቀድሞ ሀብት የሚከማችበትን ስፍራ፣ ኋላም ነገር የሚጻፍበትን ደብተር ለማመልከት ውሏል። እንግዲህ «ዘጋቢ ፊልም» ማለት ያየውን ሰብስቦ የሚያኖር ፊልም ማለት ነው። ላቲኑ ማስተማርን፣ ግዕዙ ማኖርን ያስቀድማል፤ ሁለቱም ለነገሩ የሚስማሙ ናቸው።

ነገር ግን «ዘገባ» ከሚለው ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ያሻል። በዜና ሰዓት የሚቀርብ የጥቂት ደቂቃ ሥዕላዊ ዘገባ ዘጋቢ ፊልም አይደለም። ይህን ልዩነት ከዚህ በታች ስለ 1966 እና ስለ 1977 ዓ.ም. ሥዕሎች ስንናገር እንመለስበታለን።

በረሃ በሀብሩ ሰው አንደበት

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የታወቀው ባህላዊ የአየር ጠባይ ክፍፍል አምስት ደረጃዎች አሉት። እነርሱም ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ናቸው። የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት ለእነዚህ ደረጃዎች የከፍታ ልክ ሰጥተዋቸዋል። ከ3200 ሜትር በላይ ውርጭ፣ ከ2300 እስከ 3200 ደጋ፣ ከ1500 እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ ከ500 እስከ 1500 ቆላ፣ ከ500 ሜትር በታች ደግሞ በረሃ ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር መለኪያው ከፍታ፣ ከከፍታም ጋር የሚመጣው ሙቀት መሆኑ ነው። ስለ ዝናም የተነገረ ነገር የለም።

የሕዝቡ አነጋገር ከመጽሐፉ ልክ የሰፋ ነው። ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጣ መንገደኛ የሚያቋርጠው የዓባይ ሸለቆ «የዓባይ በረሃ» ይባላል፤ ሸለቆው ግን ዛፍና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ክረምት ሲገባም ዝናም የሚያገኝ ነው። ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ ሑመራንና መተማን «በረሃ» ይላቸዋል፤ እነዚያ አገሮች ግን ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው የሚዘራባቸው ናቸው። ስለዚህ በአማርኛ «በረሃ» ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ የሚያቃጥል፣ ወባና ጥም ያለበት፣ ከመኖሪያ ቀዬ የራቀ አገር ማለት ነው። ዛፍ ቢኖረውም፣ ሰብል ቢበቅልበትም፣ ሰው ቢኖርበትም በረሃ መባሉ አይቀርም።

ይህ የከፍታ ነገር በግሡም ላይ ይታያል። የወልዲያ ሰው ወደ በረሃ «ይወርዳል»፤ ከበረሃ ወደ ደጋ «ይወጣል»። መውረድና መውጣት ለእርሱ ዘይቤ ሳይሆን የእግሩ እርምጃ የሚያውቀው እውነት ነው። ስለ ሰሃራ በተሠራ ፊልም ትረካ ውስጥ ግን «መንገደኞቹ ወደ በረሃው ወረዱ» ቢባል ተመልካቹ የሌለ ቁልቁለት ይጠብቃል፤ በሰሃራ ውስጥ እንደ ቲበስቲ ያሉ ከ3000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች አሉና። እንዲህ ባለ ቦታ «ገቡ» ወይም «ዘለቁ» ማለት ይሻላል። ስለ አፋር ረባዳ ሲነገር ግን «ወረዱ» የሚለው ከሁሉ የተስተካከለ ቃል ነው።

«በረሃ» ሌላም ሸክም ተሸክሟል። «በረሃ ገባ» ሲባል ሸፈተ፣ ለትግል ወጣ ማለት ይሆናል። በዚህ ምክንያት «የበረሃ ሕይወት» የሚል የፊልም ርእስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የታጋይን ወይም የሽፍታን ታሪክ እንጂ የእንሽላሊትንና የጊንጥን ኑሮ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ፍች ተደርቦበታል። ከሀብሩ፣ ከራያና ከአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች በአፋርና በጂቡቲ በኩል፣ ባሕር ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ ጉዞ ያደርጋሉ። በእነዚህ ወጣቶች ቤተሰቦች ዘንድ «በበረሃ ሄደ» የሚለው አነጋገር ይህንኑ ጉዞ ያመለክታል፤ «በረሃ ቀረ» ማለትም የሞት መርዶ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የአሸዋውን ውበት ሲያደንቅ ትረካው «በረሃ» የሚለውን ቃል ከምስጋና ቃላት ጋር እያጣመረ ቢደጋግም፣ በመርሳ ቤት ውስጥ የተቀመጠች እናት የምትሰማው ነገር ተርጓሚው ካሰበው የተለየ ነው። ቃሉን መለወጥ ባይቻልም የቃሉን ክብደት ማወቅ ግን የተርጓሚ ግዴታ ነው እንላለን።

ምድረ በዳና ገዳም

«ምድረ በዳ» ከግዕዝ የመጣ ጥምር ቃል ነው። ሁለተኛው ክፍል «በድወ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ሲሆን ፍቹ ባዶ ሆነ፣ ሰው አልባ ሆነ ማለት ነው። የዓረብኛው «ባዲያ» እና ከእርሱ የወጣው የ«በደዊ» ዘላኖች ስም ከዚሁ ሥር ናቸው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እስራኤላውያን ከግብፅ ከወጡ በኋላ አርባ ዓመት የተንከራተቱበት አገር በዚህ ስም ይጠራል። ስለዚህ ቃሉ የሚሸከመው ሐሳብ ሙቀት ሳይሆን ባዶነትና መተው ነው።

ይህም ከአውሮፓ ቋንቋዎች ቃል ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። «ዴዘርት» የመጣው መተው፣ ጥሎ መሄድ ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ የተተወ ምድር ማለት ነው። ከሥረ ቃል አንጻር ከታየ እንግዲህ የ«ዴዘርት» እውነተኛ አቻ «ምድረ በዳ» እንጂ «በረሃ» አይደለም።

በግዕዝ ለዚህ ሐሳብ የሚያገለግል ሌላም ቃል አለ፤ እርሱም «ገዳም» ነው። ቃሉ መጀመሪያ ዱርን፣ ሰው የራቀውን አገር ያመለክት ነበር። መነኮሳት ከሰው ርቀው በዚያ መኖር ሲጀምሩ ስሙ ከቦታው ወደ መኖሪያቸው ተሻገረ። ዛሬ በአማርኛ ገዳም ሲባል የሚታሰበው የመነኮሳት ማኅበር ነው እንጂ ባዶ ምድር አይደለም። ይህ ምሳሌ የሚያስረዳን የአንድ ቦታ ስም በውስጡ በሚኖሩት ሰዎች ምክንያት ፈጽሞ ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ባዶነትን የሚያመለክት ቃል የሰዎች ማኅበር መጠሪያ ሆነ።

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት አንድ የታወቀ ፊልም እንውሰድ። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 «ዘ ሊቪንግ ዴዘርት» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ፊልሙ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩትን እንስሳትና እፅዋት የሚያሳይ ሲሆን የአካዳሚ ሽልማት አግኝቷል። በእንግሊዝኛው ርእሱ የሚማርከው ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን፣ ማለትም የተተወን ምድርና ሕይወትን በማጋጠሙ ነው። «ሕያው በረሃ» ብለን ብንተረጉመው ለሀብሩ ሰው ርእሱ ምንም አያስደንቅም፤ በረሃው ግመልና ፍየል የሚሰማራበት፣ ሚዳቋ የሚሮጥበት፣ ግራር የሚበቅልበት መሆኑን አስቀድሞ ያውቃልና። «ሕያው ምድረ በዳ» ብንል ግን የርእሱ ተቃርኖ ተጠብቆ ይቀራል። እዚህ ላይ ትክክለኛው ምርጫ «ምድረ በዳ» ነው።

የሳይንሱ ልክ

የሳይንስ ጸሐፊዎች ነገሩን የሚመለከቱት በሙቀት ሳይሆን በእርጥበት ነው። በተለምዶ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናም የሚያገኝ አገር «ዴዘርት» ይባላል። ይበልጥ ረቂቅ የሆነው ልክ ደግሞ የዝናሙን መጠን፣ ፀሐይና ነፋስ ከምድርና ከእፅዋት ሊያተኑት ከሚችሉት ውሃ ጋር የሚያነጻጽረው ነው። የዚህ ንጽጽር ውጤት ከ0.05 በታች ከሆነ አገሩ እጅግ ደረቃማ፣ ከ0.05 እስከ 0.20 ደረቃማ፣ ከ0.20 እስከ 0.50 ከፊል ደረቃማ፣ ከ0.50 እስከ 0.65 ደረቅ ንዑስ እርጥብ ተብሎ ይመደባል።

በዚህ ልክ መሠረት ከምድር ሁሉ ሰፊው «ዴዘርት» ሰሃራ ሳይሆን አንታርክቲካ ነው። ሰሃራ 9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ይደርሳል። በተፈጥሮ ፊልሞች ላይ «የዓለም ትልቁ በረሃ በበረዶ የተሸፈነ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲመጣ የአማርኛ አድማጭ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ በረሃና በረዶ በአፉ ውስጥ አይገናኙምና። «ቀዝቃዛ በረሃ» የሚለውም ትርጉም እንደ «ደረቅ ውሃ» ሆኖ ይሰማዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ «ቀዝቃዛ ምድረ በዳ» ወይም «ዝናም አልባ ምድር» ማለት ተገቢ ነው።

በአንጻሩ የአፋርን ረባዳ «በረሃ» ለማለት ሁለቱም ልኮች፣ የሕዝቡም የሳይንሱም፣ ይስማማሉ። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ዳሎል በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተካሄደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2009 ስለዚሁ አገር ሁለት ክፍል ያለው ዘጋቢ ፊልም ሲያቀርብ በምድር ላይ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ይህን ፊልም ሲተረጉሙ «በረሃ» ማለት እንጂ «ምድረ በዳ» ማለት ስሕተት ይሆናል፤ አገሩ ባዶ አይደለምና። አፋሮች ጨው እየጠረቡ፣ ግመል እየጫኑ ከትውልድ እስከ ትውልድ የኖሩበት ነው።

ስለ ቦታ ስሞች አንድ ነገር እንጨምር። «ሰሃራ» በዓረብኛ ራሱ ምድረ በዳ ማለት ነው፤ የሞንጎልያው «ጎቢ»ም ውሃ የሌለው ጠጠራማ ሜዳ ማለት ነው። ስለዚህ «የሰሃራ በረሃ» ስንል በረሃ የሚለውን ሁለት ጊዜ መናገራችን ነው። ልማዱ የጸና ስለሆነ ይሰረዝ አንልም፤ ነገር ግን በትረካ ውስጥ በየዐረፍተ ነገሩ ከመደጋገም «ሰሃራ» ብቻ ማለት ይበቃል።

ድርቅ በረሃ አይደለም

ከላይ የተዘረዘረው ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በወሎ ላይ የደረሰውን ይመልከት።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በወሎ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርእስ ያለው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ፊልሙ በኋላ ከንጉሣዊ ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዚያም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተረከው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረምና በመቀሌ የቀረጸው የቢ.ቢ.ሲ. ዜና ታየ፤ በብዙ አገሮችም ተደጋግሞ ተሠራጨ። የመጀመሪያው ዘጋቢ ፊልም፣ ሁለተኛው ሥዕላዊ የዜና ዘገባ ነው።

በሁለቱም ሥዕሎች ላይ የሚታየው አቧራና የተሰነጠቀ መሬት ብዙ የውጭ ተመልካቾችን ኢትዮጵያ በሞላዋ በረሃ ናት ወደሚል አሳብ መራቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደጋ ነው። በዚያ የተሰበሰቡት ረሃብተኞች ከረሃቡ ጋር የተሰቃዩት በሙቀት ሳይሆን በሌሊት ብርድ ነበር። መሬቱ በረሃ ሆኖ ሳይሆን ዝናሙ ቀርቶ ነው። ዝናሙም መቅረቱ ብቻውን ያን ያህል ሕዝብ አይፈጅም ነበር፤ የመንግሥት ዝምታ፣ የጦርነትና የመንገድ እጦት ተጨምረውበት ነው።

አማርኛ ለእነዚህ ነገሮች የተለያዩ ቃላት አሉት። «በረሃ» የቦታ ስም ነው፤ ዘላቂ ነው። «ድርቅ» የጊዜ ስም ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል። «ረሃብ» በሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ከድርቅ በኋላ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። «ችጋር» ደግሞ ረሃብ በአገር ላይ ሲጸና የሚሰጠው ስም ነው። የወሎ ገበሬ የደረሰበትን መከራ የሚጠራው በቦታ ሳይሆን በዘመን ነው፤ «ሰባ ሰባት» ይላል። ከዚያ በፊት በአፄ ምኒልክ ዘመን የደረሰውም «ክፉ ቀን» ተብሏል። ሁለቱም ስያሜዎች የጊዜ ናቸው። ሕዝቡ ራሱ መሬቱን አልከሰሰም፤ ዘመኑን ነው የከሰሰው።

እንግዲህ በአማርኛ ትረካ ውስጥ እነዚህን ሥዕሎች ሲያብራሩ «የወሎ በረሃ» ማለት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የድርቅን አላፊነት ወደ ዘላቂ የቦታ ጠባይ ይለውጠዋል። ሁለተኛ፣ በሰው ስሕተት የደረሰውን በመሬት ላይ ያላክካል። በርግጥም በሀብሩ ምድር ላይ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ መርሳ በፍራፍሬዋ የታወቀች ናት። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሲሪንቃ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከልም ለደረቅ ቆላ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ከእነዚህም አንዱ በዚያው በሀብሩ የሚገኘውን የግራናን ስም ይዟል። የእርሻ ምርምር የሚካሄድበትን አገር ምድረ በዳ ብሎ መጥራት ለቋንቋም ለእውነትም አይመችም።

«በረሃማነት» ስለሚለው ቃል

የዛሬ ዘጋቢ ፊልሞች ከሚደጋግሟቸው ቃላት አንዱ «ዴዘርቲፊኬሽን» ነው። ቃሉን ያስፋፋው ፈረንሳዊው የደን ሊቅ ኦብሬቪል ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በ1977 በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተደረገ። በ1994 ደግሞ ዓለም አቀፉ ስምምነት ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ1997 አጸደቀችው። በአማርኛ የተለመደው አቻ «በረሃማነት» ነው።

የቃሉን አሠራር ብንመረምር «-ማ» የሚለው ቅጥያ እንደ ተራራማ፣ ድንጋያማ፣ አሸዋማ ባሉት ቃላት ውስጥ የነገሩን መብዛት ያመለክታል፤ «-ነት» ደግሞ ያን ወደ ረቂቅ ስም ይለውጠዋል። ስለዚህ «በረሃማነት» በረሃማ የመሆን ጠባይ ማለት ነው። የውጭው ቃል ግን የሚያመለክተው ጠባይን ሳይሆን ሂደትን ነው። ሁለተኛም ስምምነቱ ራሱ ነገሩን የሚፈታው በደረቃማ፣ በከፊል ደረቃማና በደረቅ ንዑስ እርጥብ አገሮች ላይ በአየር ጠባይ መለዋወጥና በሰው ሥራ ምክንያት የሚደርስ የመሬት መጎዳት ነው በማለት ነው። እጅግ ደረቃማ የሆኑት፣ ማለትም እውነተኞቹ በረሃዎች፣ ከዚህ ፍች ውጭ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የአሸዋ ወደ ለም አገር መገስገስ ሳይሆን፣ ለሙ መሬት ባለበት ቦታ መድከም ነው። በሀብሩ ገደላማ ተዳፋት ላይ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ፣ ዛፍ ሲመነጠር የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ከአፋር የሚመጣ አሸዋ የለም።

ለዚህ ሂደት ገበሬው ራሱ የሚያውቃቸው አነጋገሮች አሉ። መሬቱ «ተራቆተ»፣ «ተቦረቦረ»፣ «ደከመ» ይላል። ከእነዚህ «የመሬት መራቆት» የሚለው ለፊልም ትረካ እጅግ የተመቸ ነው፤ ሂደትነቱንም ይገልጻል፣ ጥፋቱም ሊመለስ የሚችል መሆኑን ያመለክታል፤ የተራቆተ ሊለብስ ይችላልና። «በረሃማነት» በሕግና በመንግሥት ጽሑፎች ውስጥ የጸና ስለሆነ በዚያው ይቀመጥ፤ በትረካ ውስጥ ግን መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ከ«መሬት መራቆት» ጋር ተያይዞ ቢብራራ ይበጃል።

ስለ በረሃ ሰዎች አጠራር

ብዙዎቹ ፊልሞች ስለ መሬቱ ብቻ ሳይሆን ስለሚኖርበትም ሕዝብ ይናገራሉ። በዚህ ረገድ የአማርኛ ቃላት አፈጣጠር አንድ የተሳካ ምሳሌ ይሰጠናል። ቀድሞ ከብት እየነዳ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረው ሕዝብ «ዘላን» ይባል ነበር፤ ቃሉም ቤትና ሥርዓት የሌለው የሚል የንቀት ፍች ተጣብቆበታል። «አርብቶ አደር» የሚለው፣ «አርሶ አደር» ከሚለው ጋር በአንድ አሠራር የተበጀው ቃል፣ ይህን አረመ። የሰውየውን መተዳደሪያ እንጂ መንከራተቱን አይናገርምና። ስለዚህ ስለ አፋር፣ ስለ ቱአሬግ ወይም ስለ በደዊ የሚናገር ፊልም ሲተረጎም «አርብቶ አደር» ሊባል ይገባል። ቃሉ በሕዝብ አንደበት ሊጸና የቻለው ከአንድ የታወቀ ቃል አጠገብ ተሰልፎ ስለመጣ መሆኑን ቃል ፈጣሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

አፋሮች ራሳቸው የሰጧቸው ስሞች ደግሞ ባይተረጎሙ ይመረጣል። «ዳጉ» መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ስለ ዝናም፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም በሥርዓት የሚለዋወጡት ወሬ ነው፤ «ወሬ» ብቻ ተብሎ ቢተረጎም ተአማኒነቱና ሥርዓቱ ይጠፋል። «ደናክል» የሚለው ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው፤ ለቦታው በጂኦግራፊ ቢቀርም ለሕዝቡ «አፋር» ማለት ይገባል። የጨው ንግዱንም በሚመለከት «አሞሌ» እና የግመል ጉዞው ስም «አርሆ» በሰሜን ኢትዮጵያ የታወቁ ስለሆኑ «የጨው ጡብ» እና «የግመል ሰልፍ» እያሉ አዲስ ስም መፍጠር አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር ሊታይ የሚገባው የራያና የቆቦ ገበሬ ቃል «ጠለፋ» ነው። ከተራራ የሚወርደውን ድንገተኛ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ መምራት ማለት ነው። ስለ የመን፣ ስለ ፓኪስታን ወይም ስለ ሌላ ደረቅ አገር የጎርፍ እርሻ የሚያሳይ ፊልም ሲመጣ ተርጓሚው ረጅም ማብራሪያ ከሚፈጥር «የጎርፍ ጠለፋ» ቢል ቃሉ ከእርሻው ላይ ተነሥቶ የመጣ ስለሆነ ወዲያው ይገባል።

ማጠቃለያና አሳብ

ከዚህ በላይ የተባለውን መሠረት በማድረግ ለተርጓሚዎች፣ ለመምህራን፣ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ሠራተኞች የሚከተለውን እናቀርባለን።

በረሃ፦ ዝቅ ላለና ለሚያቃጥል አገር፤ ሰው ቢኖርበትም ባይኖርበትም።

ምድረ በዳ፦ ባዶነትና መተው ለሚጎላበት አገር፣ ለቀዝቃዛውም ጭምር። ሕዝብ ለሚኖርበት አገር አይነገር።

ደረቃማ፣ ከፊል ደረቃማ፦ ለሳይንሱ የእርጥበት ልክ።

ድርቅ፦ ዝናም ለቀረበት ጊዜ እንጂ ለቦታ አይነገር።

ረሃብ፣ ችጋር፦ በሰው ላይ ለሚደርሰው፤ ከድርቅ ጋር እንደ አንድ ነገር አይቆጠሩ።

የመሬት መራቆት፦ ለሂደቱ፤ በሕግ ጽሑፍ በረሃማነት።

የበረሃ ኑሮ፦ ለሰዎች፤ ለተፈጥሮው የበረሃ እንስሳትና እፅዋት። «የበረሃ ሕይወት» የሚለው ለታጋይ ታሪክ ይቆይ።

አርብቶ አደር፦ «ዘላን» በሚለው ፈንታ።

የጎርፍ ጠለፋ፦ ድንገተኛ ጎርፍን መርቶ ለማጠጣት።

የአሸዋ ቁልል፦ ነፋስ ላከማቸው አሸዋ፤ «ክምር» ገበሬው በእጁ ለሚከምረው ምርት ይቆይ።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ በአካዳሚ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠሩ አይደሉም። በወልዲያ ገበያ፣ በመርሳ መንገድ፣ በሀብሩ ማሳ ላይ ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። የቃላት ጥናት ሥራ በዚህ ረገድ አዲስ ስም ከመፈልሰፍ ይልቅ ሕዝቡ የለየውን ልዩነት ጠብቆ ማቆየት ነው። ፊልሙ የሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ ትረካው ግን የሚሰማው ሰው ቋንቋ ነውና፣ ቆላውን ከበረሃው፣ ድርቁን ከምድረ በዳው የሚለየው ተመልካች ከራሱ ያነሰ ዕውቀት ባለው ትረካ እንዳይመራ መጠንቀቅ ይገባል።